ሁለት ዙር ላባ

በዓል ባለፈ ማግስት የዶሮ ላባ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። እኛ ቤት ግን አይጣልም። የምንኖረው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የብሎካችን ሰዎች ጠባዬን ስለለመዱት ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለፋሲካ ዶሮ ሲገዙ «ሲስተር፣ የእኛዋ ገብስማ ናት፤ ላባዋን ይፈልጉታል?» ብለው በሬን ያንኳኳሉ። እፈልገዋለሁ። ከአንገቷና ከጀርባዋ የሚነቀለውን፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለውን ለስላሳ ላባ አንድ ጭብጥ ካገኘሁ ለዓመት ይበቃኛል።

መጀመሪያ ላይ ለመድኃኒት መስሏቸው ነበር። 38 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ «ሲስተር በላባ ጭስ የሚያድኑት በሽታ አለ» ተብሎ ሳይወራ አልቀረም። እኔ በላባው የምሠራው ግን ዝንብ ነው።

ዝንብ ስል እውነተኛውን ማለቴ አይደለም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ተጠምጥሞ የሚሠራ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንንሽ ነፍሳትን የሚመስል የዓሣ ማጥመጃ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ያየውና ምግብ መስሎት ይጎርሰዋል። በአፈር ትል ማጥመድ ለለመደ ሰው ነገሩ የልጅ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚህ ሥራና ከአንድ ልጅ ጋር ስለሠራሁት ጊዜ ነው።

ትራውት የአገራችን ዓሣ አይደለም። እኛ የምናውቃቸው ቆሮሶና አምባዛ ሞቅ ያለ ውሃ ይመቻቸዋል። ትራውት ግን ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና እየተንደረደረ የሚወርድ ወንዝ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች ተለቀቀ። ለኬንያም ቢሆን እንግዳ ነው፤ እዚያ ያደረሱት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ እንግሊዞች ናቸው። ሁለት ዓይነት አለ፤ ቡናማው ከአውሮፓ፣ ጎኑ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ መስመር ያለው ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል የመጣ ነው። ዛሬ ዲንሾ አካባቢ በወይብና በደንካ ወንዞች ይገኛል። ወይብ ማለት ወደ ታች ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ነው።

እኔም ትራውትን ያወቅሁት ባሌ ነው። በ1977 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ የተመደብኩት እዚያ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ላይ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ። በወጣትነታቸው ለዓሣ የሚመጡ የውጭ ሰዎችን ወንዝ ለወንዝ እየመሩ፣ ዝንብ አሠራሩን አይተው ተምረዋል። ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን፣ አሮጌ አርተሪ ፎርሴፕስ መንጠቆ አስነክሰው፣ ጊዜው ያለፈበት ጥቁር የቁስል መስፊያ ሐር እየጠመጠሙ ይሠሩ ነበር። ጓደኞቼ በሹራብ ሥራ ሲያመሹ እኔ እሳቸው ጎን ተቀምጬ አየሁ፤ ከዚያም ያዝኩት። «ቁስልም ዝንብም የሚበላሸው ክር ሲላላና ሲበዛ ነው» ይሉኝ ነበር። ስፌት ላይ የረዳኝን ያህል የትኛውም የትምህርት ማስታወሻዬ አልረዳኝም።

ብዙ ዓይነት ዝንብ አለ። ክንፍ ያለው፣ ጭራ ያለው፣ በወርቅና በብር ክር የተሽሞነሞነ አለ። እኔ የምወደው ከሁሉም ድሃውን ነው። አካሉ ክር ብቻ፣ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ለስላሳ ላባ፣ አለቀ። ድህነቱ ግን ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ200 ዓ.ም. አካባቢ የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያኖስ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ፀጉር ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ አንገት ሥር የተነቀሉ ሁለት ላባዎች አስረው፣ ነቁጥ ነቁጥ ያለበት ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1496 ስለ ዓሣ ማጥመድ የታተመው ጽሑፍ ደግሞ 12 ዝንቦችን ከነአሠራራቸው ይዘረዝራል። ቀረብ ባለው ዘመን ይህ የለስላሳ ላባ ዝንብ ወደ መረሳቱ ሲቃረብ፣ ሲልቬስተር ኔምስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ እሱ ብቻ መጽሐፍ ጽፎ እንደገና ሰው እንዲያውቀው አድርጓል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ደግሞ ዝንብ እየሠሩ ወደ ውጭ የሚልኩ የእጅ ሥራ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው፤ በዚህ ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ላባው ለምን ለስላሳ ይሆናል? የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ጠንካራ ነው። መንጠቆ ላይ ሲጠመጠም ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዝንብ ይሆናል። የሴቷ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ይታጠፋል፣ ወንዙ ሲገፋው ወደ ኋላ ይተኛል፣ ሲለቀው ይከፈታል። ከወንዝ ሥር ወጥቶ ክንፉን ሊዘረጋ የሚታገል ነፍሳት የሚመስለው በዚህ ነው። ፈረንጆች የቆቅ ላባ ይመርጣሉ። እኛ ግን ለዚህ ብለን የዱር ወፍ የምንገድልበት ምክንያት የለም፤ የገበያ ዶሮ ሞልቶናል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። የሚያስፈልገው ትንሽ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ስለታም መቀስ፣ ቁጥር 12 ወይም 14 መንጠቆ፣ የሐር ክር፣ የንብ ሰምና ላባ ነው። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ ያንሳል፤ ቁጥር 14 ከትንሽ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ሞርሳውን ከመርካቶ ገዛሁት። መንጠቆውን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያመጣልኛል። እኔ ብርቱካናማ ክር እወዳለሁ፤ ውሃ ሲነካው ጠቆር ብሎ የነፍሳት ሆድ ይመስላል።

ላባውን ዶሮዋ የፈላ ውሃ ውስጥ ከመነከሯ በፊት ንቀሉ፤ የተቀቀለ ላባ ይሰባበራል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁትና ብል እንዳይበላው በወረቀት ጠቅልላችሁ በላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ቀናት አቆዩት። ጥሬ ዶሮ የነካ እጅ ሁልጊዜ በሳሙና ይታጠባል፤ ይህ ለዝንብ ሥራ ብቻ የሚባል አይደለም።

አሁን መንጠቆውን ሞርሳው ላይ አስነክሱ። ክሩን በሰም አሽታችሁ ከመንጠቆው ዓይን ጥቂት ራቅ ብላችሁ ጀምሩ። ወደ ኋላ እየጠመጠማችሁ መንጠቆው መታጠፍ እስከሚጀምርበት ውሰዱትና በዚያው መንገድ መልሱት። ክሩ ሳይደራረብ እንደ ጥሩ ሸማኔ ማግ ጎን ለጎን ይተኛ። በጣም ከሳባችሁት ይበጠሳል፤ ካላላችሁት አካሉ ይዞራል። ትክክለኛው ልክ ከመበጠሱ ትንሽ ቀደም ያለው ነው፤ እሱን እጅ እንጂ አፍ አያስተምርም።

ከዚያ ላባ ምረጡ። ቃጫው ከመንጠቆው ርዝመት እምብዛም የማይበልጥ ይሁን። ግርጌው ላይ ያለውን ብናኝ ላባ ላጡት። ጫፉን ይዛችሁ የቀረውን ወደ ኋላ ደባብሱት፤ ጫፉን በሦስት ዙር ክር እሰሩት። አሁን የላባውን እንጨት በአርተሪ ፎርሴፕስ ያዙና ጠምጥሙ። ሁለት ዙር ብቻ። በሦስት ዙር ክር አስራችሁ ትርፉን ቁረጡ፤ ቃጫውን ወደ ኋላ ያዙና ትንሽ ራስ ሠርታችሁ በሦስት ቋጠሮ ጨርሱ። ራሱ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ይደረጋል። እኔ አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ዓይኔ ሲደክም አሥራ አምስት። ከስልሳ በኋላ የንባብ መነጽርና የመስኮት ብርሃን የግድ ነው።

ልጅ አጠገባችሁ ካለ ከሁሉም የሚቀድም ነገር አለ። መንጠቆ ጫፉ አጠገብ እንደ ጦር ወደ ኋላ የሚመለስ ጆሮ አለው፤ ሥጋ ከገባ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያን በፒንሳ ጨፍልቁት። የተጨፈለቀ መንጠቆ ጣት ቢወጋ በገባበት ይወጣል፤ ዓሣ ስትለቁም ዓሣውን አይጎዳም። ያልተጨፈለቀ ከገባ ግን በጉልበት አትሳቡ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቲታነስ በትንሽ ወግታም ይገባልና የልጁ ክትባት መሟላቱን አረጋግጡ። ዓይን ከወጋ አትንኩት፣ አትጠቡት፣ አትጫኑት። ዓይኑን በማይነካ ንጹሕ ኩባያ ከልላችሁ በፍጥነት ሆስፒታል አድርሱ። እንዳይደርስ ደግሞ ልጁም መነጽር ያድርግ።

ልጁ ያልኩት የልጅ ልጄ ነው፤ 12 ዓመቱ ነው። እናቱ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ተኩል አለፋት፤ ከሄደች ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ። ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ይበላል፣ ትምህርቱን ይማራል። ዓርብ ዓርብ እናቱ በስልክ በምስል ትደውላለች። እሱ «ደህና ነኝ» ይላል፤ «ትምህርትስ?» ሲባል «ጥሩ ነው»፤ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ያቀብላል። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እሷ ስልኩ ላይ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አያለሁ፤ እሱ ግን ክፍሉ ገብቷል። የክፍል ኃላፊ መምህሩም «ረባሽ አይደለም፤ ግን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ።

እንደ አያት አስቀምጬ ጠየቅሁት። «ምን ሆነሃል? ማን አስከፋህ? እማዬን ተቀይመሃታል?» መልሱ «ምንም» ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ «ምንም»። ልጅ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ስለሌለው መሬት ያያል፤ መሬት ያየ ልጅ ደግሞ አፉም አብሮ ይዘጋል።

ዝንብ ሥራውን ያስጀመርኩት ይህን አስቤ አይደለም። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ሲሞትበት ሞርሳዬን ባየበት ጊዜ «ልሞክረው?» ስላለኝ ነው። የመጀመሪያው ዝንብ አርባ ደቂቃ ወሰደበት። ላባውን ስምንት ዙር ጠምጥሞ ጃርት አደረገው። በጣም ወደደው። እኔም «በዛ» አላልኩትም። ብርጭቆ ውሃ አምጥቼ የእሱንና የእኔን በክር አስረን ነከርናቸው፤ ቀስ ብለን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቀስናቸው። የእሱ እንደ መጥረጊያ ደርቆ ቀረ፤ ባለ ሁለት ዙሩ እየተከፈተ እየተዘጋ ይተነፍስ ጀመር። ብርጭቆውን ዓይኑ ሥር አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ቀጣዩን አምስት ዙር አደረገው፤ ቀጥሎ ሦስት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለታችንም መንጠቆ መንጠቆአችንን እያየን ሳለ፣ ዓይኑን ከክሩ ሳያነሳ እንዲህ አለ፤

«እማማ፣ እማዬ ስትደውል ‹ምን አዲስ ነገር አለ?› ትለኛለች። አዲስ ነገር ከሌለስ?»

ቀና ብዬ ላየው ፈለግሁ፤ አላደረግሁትም። «ክሩን ጠበቅ አድርገው» አልኩ። ጠበቅ አደረገው። አንድ ሁለት ዙር ጠመጠመና ቀጠለ።

«ምንም የለም ስላት የረሳኋት ይመስላታል።»

ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ልጁ ተቀይሟል ብዬ አስብ ነበር። የተሸከመው ሌላ ነገር ኖሯል። ለእናቱ የሚሰጠው ወሬ እያጣ፣ እንዳያሳዝናት ስልኩን ቶሎ ያቀብላል። እኛ ትልልቆቹ ያን ዝምታ በራሳችን ልክ ቆርጠን ሰፍተነዋል።

ነገሩን ካሰብኩት ግን ለእኔ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ቁስል ሳጥብ በኖርኩባቸው ዓመታት ሰዎች ትልቁን ነገር የሚነግሩኝ ካርድ ይዤ ፊት ለፊት ስጠይቃቸው አልነበረም፤ ዓይኔ ፋሻው ላይ ሲሆን ነው። «ወድቄ ነው» ብላ የተመዘገበች ሴት፣ ፋሻው ሲጠመጠም «አይ፣ እንኳን ወድቄ አይደለም» ትላለች። እናት ልጇ ሚዛን ላይ ሳለ፣ እኔ ቁጥሩን ሳነብ፣ ቤቷ ውስጥ ምግብ እንደሌለ ትናገራለች። እናቴም እንዝርት ይዛ ጥጥ ስትፈትል የሰፈሩ ሴቶች አጠገቧ ተቀምጠው እየፈተሉ የሚያወሩትን ቡና ላይ አያወሩትም ነበር። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን ማረፊያ ያገኛል፤ ዝም ቢሉም ዝምታው አያሳፍርም፤ ሰው ዝም ያለው ስለሚሠራ ነውና።

በሚቀጥለው ዓርብ ምንም ምክር አልሰጠሁትም። እናቱ ስትደውል ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ፣ ካሜራውን ከፊቱ ይልቅ ወደ ሞርሳው አዞርኩት። «ያ ምንድን ነው?» አለች። «ላባ ነው። የእማማ ጎረቤት ዶሮ ናት» አላት። «የዶሮ ላባ ምን ያደርግልሃል?» አለች፤ እሱም ማስረዳት ጀመረ። ክሩን፣ ሰሙን፣ ስምንት ዙር ጠምጥሞ ጃርት የሠራውን ሁሉ። እሷም ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቁማ የአሠሪዋን ልብስ ትተኩስ ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል እሱ እየጠመጠመ፣ እሷ እየተኮሰች ቆዩ። መሐል ላይ ሁለቱም ዝም የሚሉበት ጊዜ ነበር፤ ማንም አልደነገጠም፣ ስልኩንም ያቀበለኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። ክፍል ውስጥ አሁንም ዝምተኛ ነው። እናቱም የምትመጣበትን ቀን አልቆረጠችም፤ እሱን ዝንብ አይቆርጠውም። ዓርብ ግን አሁን የሚፈራ ቀን አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ «እዚሁ ላፍቶ ወንዝ አለ አይደል፤ ለምን እዚያ አንሞክረውም?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በክፍለ ከተማችን የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ነው፤ የቤቱም የፋብሪካውም ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ሲገባበት ኖሯል። ይህ ዝንብ የሚመስላቸው ነፍሳት ዕድሜያቸውን ከሞላ ጎደል የሚጨርሱት ወንዝ ሥር ድንጋይ ለድንጋይ ነው። አብዛኞቹ የቆሸሸና አየር ያጣ ውሃ አይችሉም። በዚህም ምክንያት የወንዝን ጤንነት የሚመረምሩ ሰዎች ድንጋይ ገልብጠው የትኞቹ ነፍሳት እንዳሉ ይቆጥራሉ፤ እነሱ ከሌሉ ውሃው ታሟል ማለት ነው። ለልጁ ይህን ስነግረው «ታዲያ መጀመሪያ ነፍሳቶቹ ይመለሱ» አለ። የወንዝ ዳርቻ ሥራ በከተማችን ተጀምሯል፤ ዳርቻው ሲያምር ውሃውም እንዲጠራ እሱ ከእኔ የበለጠ ጊዜ አለው፤ እየጠበቀ ያየዋል።

በጥር የትምህርት ዕረፍት ወደ ዲንሾ ወሰድኩት። በአሰላ በኩል ዶዶላን፣ አዳባን አልፎ የሚሄደው መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ማጥመድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፈቃዱን ከጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ፤ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ ይሂድ። አንድ ነገር አደራ፤ ትራውት ባዕድ ዓሣ ስለሆነ በሕይወት ይዞ ሌላ ወንዝ ውስጥ መጨመር ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው፤ ነባሮቹን ይበላል።

በጥር ውሃው እንደ መስታወት ነው፤ በክረምት ሲደፈርስ ዓሣው ዝንቡን አያየውም። ዝንቡ ወደ ማዶ ይወረወርና ከወንዙ ጋር እየተንሸራተተ ይወርዳል። ክሩ ሲወጠር ከሥር ወደ ላይ ይነሳል። ትራውቱ ብዙ ጊዜ የሚጎርሰው ይህን ጊዜ ነው፤ ምግቡ ሊያመልጠው የተቃረበ ይመስለዋል። አንድ ቀን ተኩል ወንዝ ዳር ቆየን። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። እኔ የመዳፌን ርዝመት የማይሞላ አንድ ትንሽ ትራውት ይዤ ለቀቅሁ። ጎኑ ላይ ያሉትን ነቁጦች ልጁ ተንበርክኮ ቆጠራቸው። የገና ጾም ስላለፈ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ ሳንገባ ተርፈናል፤ ደግነቱ የሚበላም አልነበረም።

እሱ ምንም አልያዘም። አንዱ ዝንቡ ቁጥቋጦ ላይ ቀረ፣ አንዱን ወንዝ ወሰደው፣ አንድ ጊዜ ዓሣ ነክቶት ሄደ። በዚያ ዓርብ ለእናቱ ሲተርክ ስልኩ አርባ ደቂቃ ቆየ። ያልተያዘው ዓሣ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደነካ፣ ክሩ እጁ ላይ ምን እንዳለው፣ ቁጥቋጦው ምን ያህል ከፍ እንደሚል አንድም አላስቀረም። አንድም ዓሣ ሳይያዝ ይህን ያህል ወሬ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ይህን ሳነብ ሳለሁ ዝንብ ሠርቶ ወደ ባሌ መሄድ የሚችል ስንት ሰው ነው የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። መንጠቆም ሞርሳም አያስፈልግም። ምስር ልቀሙ፤ ሽንኩርት ላጡ፤ የተበጠሰ ቁልፍ ስፉ፤ የቀሚስ ጠርዝ ቋጩ። ቁም ነገሩ ሁለት ሰው የሚይዘው፣ ዓይን የሚያሳርፍ፣ የማይቸኩልና እውነተኛ ጥቅም ያለው ሥራ መሆኑ ነው። ልጅ ለማስመሰል የተሰጠውን ሥራ ያውቃል። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፤ ስልካችሁንም ራቅ አድርጉ። ጥያቄ አትጠይቁ። ልጁ መናገር ከጀመረ እጃችሁን አታቁሙ፤ ቀና ብላችሁ «እንዴ!» አትበሉ፤ ያኔ ይዘጋል።

እንደ ነርስ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። የሰማችሁት ነገር ልጁን የሚመታው ወይም የሚነካው ሰው እንዳለ፣ ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ የሚያሳይ ከሆነ ያን ጊዜ ሥራውን አቁሙ። ልጁን አትቆጡ፤ የነገራችሁ መልካም እንዳደረገ ንገሩት፤ ለብቻችሁም አትሸከሙት፤ የጤና ባለሙያ ዘንድ አድርሱት።

ከዚህ ውጪ ያለው ወሬ ግን በራሱ ጊዜ ይመጣል። አንዳንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን «መቀሱን አቀብለኝ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አንለዋወጥም። እናንተም ምስር ስትለቅሙ እንዲህ ያለ ቀን ይገጥማችኋል። ልጁ ዝም ካለ እናንተም ዝም በሉ፤ ቢያንስ ምስሩ ተለቅሞ ያልቃል።